ህመሙን አትጠብቂ

ልጄ፣ ባለፈው በስልክ ጀምረሽ «ተዪው እታለም፣ ሌላ ጊዜ» ብለሽ የተውሽው ነገር ገብቶኛል። አዋላጅ ነርስ ሆና ጡረታ የወጣች ሴት፣ ካገባች ዓመት ያለፋት ልጅ እንዲህ ስትንተባተብ ምን ልትጠይቅ እንደፈለገች ታውቃለች። እናትሽ እህቴ ናት፤ ስለ ሠርግሽ ድንኳንና ስለ ጠላው ስታወራ ከርማ ስለዚህ ጉዳይ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። እናታችንም ለእኛ አልተነፈሰችም ነበርና አልፈርድባትም። ስለዚህ እኔው ልጻፍልሽ። አንዳንዱን ለባልሽም አንብቢለት፤ የትኛውን እንደሆነ ስትደርሺበት ታውቂዋለሽ።

1. ፈሳሽ ሁሉ በሽታ አይደለም። ብልት ራሱን በራሱ ያጸዳል፤ ውስጡ የሚኖሩ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች አሲድ እያመረቱ መጥፎዎቹን ያርቃሉ። በሁለት የወር አበባ መካከል ጥርት ያለ፣ ሲስቡት የሚለጠጥ ፈሳሽ ብታዪ እንቁላል የሚወጣበት ሰሞን ነውና ደስ ይበልሽ እንጂ አትደንግጪ። የሚያሳክክ፣ ነጭና የረጋ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ፈንገስ ነው፤ እንቅልፍ ይነሳል፣ በቀላሉ ይታከማል፣ መሃን ግን አያደርግም። ጤና ጣቢያ ሊያስሮጥሽ የሚገባው ሌላ ነው፦ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ፈሳሽ፣ መጥፎ ሽታ፣ ከግንኙነት በኋላ የሚታይ ደም፣ በግንኙነት ጊዜ ከውስጥ የሚሰማ ህመም፣ ከእምብርት በታች የሚያም ሆድ፣ ትኩሳት።

ውስጥሽን ደግሞ አትታጠቢ። ለውጭው ንጹህ ውኃ ይበቃል። ሳሙናው፣ ዴቶሉ፣ ሎሚው ጠቃሚዎቹን ባክቴሪያዎች ያጠፋል፤ ወደ ውስጥ የሚረጭ ውኃም ጀርሙን ወደ ላይ ሊገፋው ይችላል። ወይባ መሞቅሽን አልነካብሽም፤ ገላ ያሳምራል፣ ባልም ይወደዋል። ኢንፌክሽን ያድናል ያለችሽን ግን አትስሚ።

2. «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ትል ነበር አያትሽ። ይኼኛው ግን ራሱ የሚደበቅ ነው። ክላሚዲያ ከያዛቸው ሴቶች አብዛኞቹ ምንም አይሰማቸውም። ጨብጥም ወንዱን ሽንት እያቃጠለና መግል እያወጣ ሲያስጮኸው፣ ሴቷ ላይ ብዙ ጊዜ ድምፁን አጥፍቶ ይቀመጣል። ሁለቱም መጀመሪያ የማህፀን በር ላይ ይሰፍራሉ፤ ከዚያ ወደ ማህፀን፣ ከማህፀን ወደ ቱቦዎቹ ይወጣሉ።

ቱቦዎቹን ልንገርሽ፣ ነገሩ ሁሉ እዚያ ነውና። ከማህፀን ግራና ቀኝ ይወጣሉ፤ ከ10 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ይረዝማሉ፤ ከማህፀን ጋር በሚገናኙበት ቦታ ቀዳዳቸው 1 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ውስጣቸው በዓይን በማይታዩ ፀጉር መሰል ነገሮች ተሸፍኗል። እነዚህም ነፋስ እንደሚያወዛውዘው የጤፍ ማሳ ወደ አንድ አቅጣጫ እየተወዛወዙ እንቁላሉን ወደ ማህፀን ያደርሱታል። የባልሽ ዘርና ያንቺ እንቁላል የሚገናኙትም እዚያው ቱቦው ውስጥ ነው። ኢንፌክሽን ሲገባ ፀጉሮቹ ይረግፋሉ፣ ግድግዳው ይቆስላል። ክላሚዲያ ሲሆን አብዛኛውን ጉዳት የሚያደርሰው ጀርሙ ራሱ ሳይሆን ገላችን እሱን ሲዋጋ የሚተወው ጠባሳ ነው። ጠባሳው ቱቦውን ያጣብቀዋል። መድኃኒት ጀርሙን ይገድላል፤ የተጣበቀውን አያላቅቅም። «ቶሎ፣ ቶሎ» እያልኩ የምጨቀጭቅሽ ለዚህ ነው።

3. ቀን ቁጠሪ። ስዊድን አገር ሉንድ በምትባል ከተማ ላርስ ቬስትሮም የተባሉ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1984 የማህፀንና የቱቦ ኢንፌክሽን የያዛቸውን ሴቶች እየተከታተሉ መዝግበዋል። በግምት አይደለም፤ በሆድ በኩል በሚገባ መመልከቻ የቱቦውን መቆጣት በዓይናቸው እያዩ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ከያዛቸው ውስጥ በቱቦ መዘጋት ምክንያት ልጅ ያጡት ከ100 ሴቶች 8 ያህሉ ነበሩ። ሁለት ጊዜ የያዛቸው 20 ያህል፤ ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ የያዛቸው 40። አየሽ፣ የመጀመሪያው ዙር አብዛኛዋን ሴት ይምራታል። የሚያጠፋው መደጋገሙ ነው።

ከዚያው መዝገብ ተነስቶ እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ህመሙ በጀመራቸው በሦስት ቀን ውስጥ የታከሙትን ከዘገዩት ጋር አስተያይቷል፤ የዘገዩት ልጅ የማጣት አደጋቸው ወደ ሦስት እጥፍ ተጠግቷል። ሦስት ቀን፣ ልጄ! እኛ ዘንድ ሦስት ቀን ማለት «እስቲ እሑድ ይለፍ» ማለት ነው፤ ከጎረቤት ዳማከሴ ጠይቆ መጠጣት ነው፤ «ባለቤቴ ከመስክ ሲመለስ» ማለት ነው። በሥራ ዘመኔ እየመጡ «ትንሽ ቆየ፣ አፍሬ ነው» ያሉኝን ሴቶች ቁጥራቸውን አላውቀውም። ሀፍረቱ ለማንም አልጠቀመም፤ ለበሽታው ጊዜ ሰጠው እንጂ።

4. መድኃኒቱ የሁለት ሰው ነው። ይህን ለባልሽ አንብቢለት። አንቺ ብቻ ብትውጪና እሱ ቢተው፣ በሳምንቱ መልሶ ይሰጥሻል፤ አሁን በነገርኩሽ ቁጥር ሁለተኛውን ዙር ጀመርሽ ማለት ነው። ሁለታችሁም አንድ ላይ ታከሙ፣ መድኃኒቱንም እስክትጨርሱ፣ ቢያንስ ሰባት ቀን፣ አትገናኙ። ከሦስት ወር በኋላ ተመልሶ መመርመር ጥሩ ነው።

ወንዶቻችን አንድ ክፉ ልማድ አላቸው። ሽንት ሲያቃጥላቸው ጓደኛ ጠይቀው፣ ጥግ ላይ ያለች መድኃኒት ቤት ገብተው ክኒን ይውጣሉ፤ ለሚስታቸው ትንፍሽ አይሉም። እሱ ዳነ። እሷ በቱቦዋ ይዛው ቀረች። ከዓመታት በኋላ አማቷ «ልጄን ያለ ዘር አስቀረሽው» ስትላት እሱ አቀርቅሮ ቡናውን ይጠጣል። ይህን ዓይነቱን ቤት ደጋግሜ አይቻለሁ፤ እስከ ዛሬም ያናድደኛል።

አንቺም ብትሆኚ ውጤቱ ሲመጣ ፍርድ ቤት አትክፈቺ። ክላሚዲያ ሳይታከም ብዙ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ዛሬ ተገኘ ማለት ትናንት መጣ ማለት አይደለም፤ ከጋብቻችሁ በፊት ከማንኛችሁም ጋር የነበረ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ታከሙ፣ ክርክሩ ይደርሳል። የምር ውጭ ውጭ የሚል ባል ከሆነ ግን ኮንዶም ከሽምግልና ይቀድማል፤ ይህን ስልሽ እናትሽ አትስማ።

5. ከፋርማሲ ዝም ብለሽ አንቲባዮቲክ አትግዢ፤ ጎረቤት ያተረፈችውንም አትውሰጂ። ጨብጥ በሰልፋ ይድን ነበር፣ እምቢ አለ። በፔኒሲሊን ይድን ነበር፣ እምቢ አለ። ቴትራሳይክሊንን ለመደ፣ ሲፕሮፍሎክሳሲንንም ለመደ። እንደነገሩ የተዋጠ ክኒን ሁሉ ትምህርት ቤቱ ሆነለት። ጤና ጣቢያ ብዙ ጊዜ ላቦራቶሪ ሳይጠብቁ ምልክቱን አይተው ጨብጥንና ክላሚዲያን አንድ ላይ የሚመታ መድኃኒት ያዙልሻል፤ ይህ ቸልተኝነት አይደለም፣ አሠራሩ ነው፣ ጊዜ ይቆጥባል። ጉድለቱ ምልክት የሌላትን ሴት ማለፉ ነው። ስለዚህ አንቺ አፍ አውጥተሽ «ባሌ ሽንቱን ያቃጥለው ነበር» ወይም «ልጅ እየሞከርን ዓመት ሞላን» ካላልሽ ማንም አይጠረጥርም። ኢንፌክሽኑ ቱቦ ደርሶ ከሆነ ሕክምናው 14 ቀን ነው። በአምስተኛው ቀን ህመሙ ቢጠፋም ክኒኑን መሳቢያ ውስጥ እንዳትጥይው፤ እስከ መጨረሻው ዋጪው።

6. ከወሊድና ከውርጃ በኋላ ያለችውን ሴት ጠብቁ። በእነዚያ ቀናት የማህፀን በር ክፍት ነው፣ ውስጡም ቁስል ነው። እ.ኤ.አ. በ1847 ቪየና ውስጥ ኢግናዝ ሰመልቫይስ የተባለ ሐኪም ሐኪሞች ወደ ማዋለጃ ክፍል ከመግባታቸው በፊት በክሎሪን ውኃ እጃቸውን እንዲታጠቡ ሲያደርግ፣ በወሊድ ትኩሳት የሚሞቱ እናቶች ቁጥር ወዲያው አሽቆለቆለ፤ ባልደረቦቹ ግን ለዓመታት አላመኑትም። የእኛ ሙያ የቆመው በዚያ እጅ መታጠብ ላይ ነው። የወለደች ሴት ትኩሳት ሲያገረሽባትና ደሟ ሲሸት «ብርድ ነው» ብለው ገንፎ እየደጋገሙ እቤት የሚያቆዩ ሰዎች ሁለተኛውን ልጅ እየከለከሏት ነው።

ስለ ውርጃም ሳልናገር አላልፍም፤ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ ነኝ፣ አዋላጅም ነኝ። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 551 የተደፈረች፣ ከቅርብ ዘመድ ያረገዘች፣ ሕይወቷ ወይም ጤናዋ አደጋ ላይ የወደቀ፣ ወይም ለልጅ አሳዳጊነት አካሏም አእምሮዋም ያልደረሰ ልጅ በጤና ተቋም እንድትታገዝ ይፈቅዳል። ይህን ባለማወቅ በጓሮ፣ ባልተቀቀለ ብረት የተሠራባቸው ልጆች አሉ፤ ከሞት ቢተርፉም ማህፀናቸው የተረፈ ሁሉም አይደሉም። ታናናሾችሽ አንቺን ያምኑሻልና ሕጉን ንገሪያቸው።

7. ከወንድ የማይመጣም አለ። የሳንባ ነቀርሳ በደም ተጉዞ ቱቦ ላይ ሊያርፍ ይችላል፤ ሳንባው ድኖም ሊሆን ይችላል፣ ሳልም ላይኖር ይችላል። ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ምልክት ልጅ ማጣት ወይም የወር አበባ ማነስ ነው። የፈነዳ ትርፍ አንጀትም አካባቢውን አጣብቆ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ በልጅነትሽ ቲቢ ይዞሽ ከነበረ፣ ወይም ቤት ውስጥ የታመመ ሰው ካስታመምሽ፣ ለሐኪሙ ንገሪው። ቱቦዋ የተዘጋን ሴት «ድሮ ምን ስትሠራ ነበር» የሚሉ ሰዎች ይህን አያውቁም። አንዳንዶቹም ቢያውቁ ማለታቸውን አይተዉም።

8. ወሬ አትመኚ። «መርፌ ተወግታ መከነች» ይላሉ። የሦስት ወሩ መርፌ ካቆምሽው በኋላ እርግዝናውን ጥቂት ወራት ሊያዘገይ ይችላል፣ ይመለሳል። ሉፕም ቱቦ አይዘጋም፤ የኢንፌክሽን አደጋው ከፍ የሚለው በገባ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ገደማ ነው፣ ያውም ከመግባቱ በፊት የማህፀን በሯ ላይ ጨብጥ ወይም ክላሚዲያ ለነበረባት። ለማህፀን በር ካንሰር ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለልጃገረዶች የሚሰጠውን ክትባትም መሃን ያደርጋል ብለው አስወርተውበታል፤ ሐሰት ነው። የታናሽ እህትሽ ተራ ሲደርስ ራስሽ ይዘሻት ሂጂ።

9. እርግማን አይደለም፣ ያንቺም ብቻ አይደለም። መካከለኛው አፍሪካ ውስጥ፣ ከካሜሩንና ከጋቦን አንስቶ እስከ ኮንጎ ሰሜን ድረስ፣ ባለፈው ምዕተ ዓመት ልጅ ያጡ ሴቶች እጅግ የበዙበት ሰፊ አገር ነበር። የሚሉትን ታውቂዋለሽ፤ ድግምት፣ የአያት ቁጣ፣ የሴት ኃጢአት። ሐኪሞች ሲመረምሩ ብዙውን ጊዜ ያገኙት ጨብጥና የተዘጋ ቱቦ ነበር። ጋቦን እ.ኤ.አ. በ1979 ፍራንስቪል ላይ ትልቅ የሕክምና ምርምር ማዕከል ስታቋቁም ዋና ተልእኮው የዚህን መሃንነት መንስኤ መፈለግ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅትም በ25 አገሮች ባስጠናው ጥናት የአፍሪካ ሴቶች በኢንፌክሽን ምክንያት ቱቧቸው የተዘጋበት መጠን ከሌላው ዓለም በጣም ልቆ ተገኝቷል። ሊከላከሉት የሚቻል በሽታ ነው ይህን ያህል ቤት ያፈረሰው።

ልጅ የሚፈልጉና የሚቸገሩ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ድርጅቱ ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ከስድስት ሰው አንዱ በሕይወት ዘመኑ ይገጥመዋል። ከእነዚህ ጥንዶች ግማሽ ያህሉ ላይ ደግሞ የወንዱ ድርሻ አለበት፣ ብቻውን ወይም ከሴቷ ጋር። የወንድ ዘር ምርመራ ህመም የለውም፣ ቢላ የለውም፣ ዋጋውም ከሁሉም ይቀላል። እና ለምንድን ነው ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ የሚደረገው? እነ ሣራንና እነ ሐናን ስንሰማ ስላደግን ይመስለኛል፤ አልቃሿ ሁሌ ሴቷ ናት፣ አብርሃምን መርምሩት ያለ የለም።

ጸበል መሄድሽን አልከለክልሽም፤ እኔም እሄዳለሁ። ክኒንሽን ግን በቦርሳሽ ይዘሽ ሂጂ። በ1999 ዓ.ም. የያኔው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒትን ከጸበል ጋር መውሰድ እንደሚቻል በአደባባይ ተናግረዋል፤ ለዚያ የተፈቀደ ለዚህ አይከለከልም። ሆድሽን ላሽልሽ የምትል ሴት ስትመጣ ግን በር ዝጊባት። የቆሰለ ቱቦ ታሽቶ አይከፈትም።

10. ምርመራው ቅደም ተከተል አለው። ሳትከላከሉ እየተገናኛችሁ 12 ወር ካለፈ ለሁለታችሁም ጊዜው ነው፤ ዕድሜሽ ከ35 ካለፈ ስድስት ወር ይበቃል። አንቺ ገና ልጅ ነሽ፣ ነገር ግን ያን የታች ሆድ ህመም አንድ ጊዜ ነግረሽኝ ስለነበር ከእንግዲህ እንድትጠብቂ አልመክርሽም። መጀመሪያ የእሱ ዘር፣ ያንቺ እንቁላል መውጣት አለመውጣቱ፣ የኢንፌክሽን ምርመራ። ከዚያ ቱቦዎቹ፦ በማህፀን በር በኩል ቀለም ገብቶ በራጅ ይታያል። ይቆርጣል፤ አይቆርጥም ብዬ አልዋሽሽም፣ ግን ደቂቃዎች ነው። የሚሠራው የወር አበባ ካለቀ በኋላ፣ እንቁላል ከመውጣቱ በፊት ባሉት ቀናት ነው።

ቱቦ ተዘግቶ ቢገኝስ? ዓለም ያለቀ እንዳይመስልሽ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1978 እንግሊዝ ውስጥ በላቦራቶሪ ተፀንሳ የተወለደችው የመጀመሪያዋ ልጅ ሉዊዝ ብራውን እናቷ ቱቧ የተዘጋ ሴት ነበረች፤ ያ ሕክምና ከመነሻው የታሰበው ለእንደዚህ ያለችው ነው። እንቁላሉና ዘሩ ውጭ ይገናኛሉ፣ ቱቦው ይታለፋል። እኛም አገር ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2011 ዓ.ም. ይህን የሚሠራ ማዕከል ከፍቷል፤ ከዚያ በፊት ገንዘብ ያለው ውጭ አገር ይሄድ ነበር፣ የሌለው ያለቅስ ነበር። ዛሬም ርካሽ አይደለም፣ አንዴ ተሞክሮ የማይሳካበትም ብዙ ነው። ቱቦው ፈሳሽ ቋጥሮ ካበጠ ሐኪሙ አስቀድመን እናውጣው ሊልሽ ይችላል፤ አትደንግጪ፣ ያ ፈሳሽ ወደ ማህፀን እየወረደ ጽንሱ እንዳይያዝ ስለሚያደርግ ነው።

11. ቱቦዋ ተጎድቶ የነበረች ሴት ስታረግዝ እልል ከማለቷ በፊት አልትራሳውንድ ትነሳ። ጽንሱ ጠባሳው ላይ ተይዞ ቱቦው ውስጥ ሊቀር ይችላል። የሉንዶቹ ሴቶች ከህመማቸው በኋላ ባረገዙት የመጀመሪያ እርግዝና ከ100 ውስጥ 9ኙ ከማህፀን ውጭ ነበር። የወር አበባ ከቀረ በኋላ በአንድ ጎን የሚወጋ ህመም፣ ትንሽ ደም፣ የትከሻ ጫፍ ህመም፣ ራስን መሳት ካለ ቱቦው ፈንድቶ ውስጥ ለውስጥ እየደማ ሊሆን ይችላል። ያኔ ክኒን የለም፣ ጸበል የለም፣ ባል መጠበቅ የለም። መኪና ጥሩና ኦፕራሲዮን ወዳለበት ሆስፒታል።

12. ስትሄዱ የመጨረሻ ሦስት የወር አበባዎችሽ የጀመሩባቸውን ቀናት በወረቀት ጽፈሽ ያዢ፤ መጀመሪያ የሚጠይቁሽ እሱን ነው። ከዚህ በፊት የወሰድሽውን መድኃኒት ስሙን ካላወቅሽ ካርቶኑን ይዘሽ ሂጂ። ያስወረድሽው ካለ ንገሪያቸው፤ ባልሽ ፊት መናገር ካልፈለግሽ «ብቻዬን ላናግርዎት» በያቸው፣ መብትሽ ነው። እሱ ዘር ከመስጠቱ በፊት ከሁለት እስከ አምስት ቀን ግንኙነት አይኑር። ቁርሱን ግን በልቶ ይሂድ፤ ባዶ ሆድ አያስፈልግም፣ የካርዱ ወረፋም ረጅም ነው።